አሮጌ ላንድክሩዘር ማደስ፦ ቁጠባ ነው ወይስ ወጪ?

የሂሳብ ሠራተኛ መኪናን መዝገብ ላይ ሲያሰፍር በየዓመቱ ከዋጋው ላይ እየቆረጠ ይሄዳል። የእርጅና ተቀናሽ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሞላው ላንድክሩዘር ግቢው ያቆመ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። የገዛበትን ዋጋና ዛሬ ደላላ የሚጠራለትን እያስተያየ “መኪናዬ ወለደች” ይላል እንጂ አረጀች አይልም። በዚሁ ደስታ መካኒክ ወደ ግቢው ይጠራል፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ የበሰበሰው ላሜራ ይቆረጣል፣ ጎማው በሰፋፊ ጎማ ይለወጣል፣ “ቱርቦ ብንገጥምላትስ?” የሚል ሐሳብም ብቅ ይላል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ቁጠባ ነው ወይስ ወጪ? ገንዘቡ የት ላይ እንደዋለ ሳይታወቅ መልስ የለውም።

በመጀመሪያ ዋጋው ለምን አልወርድም እንዳለ እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በዕድሜያቸውና በሞተራቸው መጠን ከፋፍሎ፣ ከሰባት ዓመት በላይ በሆናቸው ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ሌላውን ቀረጥ ለጊዜው ትተን ይህንና ተጨማሪ እሴት ታክሱን ብቻ እናስላ። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አሮጌ መኪና 500 በመቶ ሲታከልበት 6 ሚሊዮን ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 6 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ይገባል። የሕጉ ዓላማ አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ነበር፤ ቀድመው የገቡትን ግን ተፎካካሪ አሳጥቶ አስወደዳቸው። በጥቅምት 2015 መኪኖች የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 ዓይነት ሸቀጦች ተርታ ተመደቡ፤ ያ ክልከላ የተነሣው በሐምሌ 2016 ነው። በዚያው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ኑሮ ይመቻል፤ ባሌ ወይም ጎዴ ደርሶ መመለስ ያለበት ሰው ግን ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ የምንዛሪው ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ደላላው መኪናዋን በእጥፍ ሲጠራ ባለቤቱ የከበረ ይመስለዋል። በዶላር ሲመነዘር ግን ቢበዛ ባለበት ነው የቆመው። ባለበት መቆምም ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ባለበት አልቆመም። ስለዚህ አሮጌው ላንድክሩዘር ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የታሰረ ንብረት ነው ብንል አንሳሳትም። ችግሩ በሕይወት የሚያቆዩት ዕቃዎችም እንዲሁ መሆናቸው ነው። ፋሻው፣ ኩሽኔታው፣ የፍሪሲዮን ሸራው ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መኪናዋን ያስወደደው ምንዛሪ ጥገናዋንም አስወድዷል።

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሰው አሮጌ መኪናውን ጋራዡ ውስጥ ራሱ የሚጠግነው በአመዛኙ የሰው ጉልበት ስለሚወደድበት ነው። መካኒክ ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለው ለብዙ መለዋወጫ ዕቃ ይበቃል፤ መፍቻውን ራሱ ያነሣ ሰው ያንን ክፍያ ያድናል። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው። የሚወደደው ዕቃው እንጂ እጁ አይደለም። “ቤት ውስጥ መጠገን” ስንልም ባለቤቱ ዘይት እየተቀባ ይሠራል ማለታችን አይደለም፤ መካኒኩ ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ግቢ ውስጥ ይሠራል፣ ባለቤቱ ካቻቢቴ እያቀበለ ያያል። ታዲያ የእጅ ዋጋ ካላዳነ ምን አተረፈ? ማየቱን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ያገለገለ መኪና ገበያን ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዥው አያውቅም። ገዥው ስለማያውቅ ለመካከለኛ መኪና የሚገባውን ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በደንብ የተያዘ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ጉዱ የበዛው ነው። አከርሎፍ በዚህ መስክ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሽልማቱን ሳይሰሙ ነገሩን አበጥረው የሚያውቁት የእኛ ደላሎች ናቸው።

ይኸው ችግር በመለዋወጫ ገበያም አለ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ተመሳሳይ ካርቶን የለበሱ ሁለት ኩሽኔታዎች የጠየቀ ሰው፣ አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ የሚወደድበትን ምክንያት በዓይኑ ማየት አይችልም። ኦሪጅናል የተባለው ኮፒ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ “ቀይሬዋለሁ” የተባለው ዕቃ ታጥቦ የተመለሰው የድሮው ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ጋራዥ እንዲህ ያደርጋል ለማለት ሳይሆን፣ ያላየ ሰው መለየት ስለማይችል ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ራሱ ገበያ የወጣ፣ አዲሱ ሲገጠም የቆመ ባለቤት ይህን ጥርጣሬ ይቀንሳል። ደረሰኙን ካስቀመጠና ሥራው የተሠራበትን ቀንና ኪሎሜትር ከጻፈ ደግሞ ነገ ለሚመጣው ገዥ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል። ለጥገና የወጣ ገንዘብ በሽያጭ ጊዜ የሚመለሰው ገዥው ሊያረጋግጠው በሚችለው መጠን ብቻ ነው። ያልታየና ያልተጻፈ ጥገና ለባለቤቱ ምቾት እንጂ ለገበያው ምንም ነው።

ምን ዓይነት መኪና ቢታደስ ያዋጣል ለሚለው፣ መልኩን ሳይሆን በአገሩ የሚዞረውን የወንድሞቹን ብዛት ማየት ይሻላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 1ኤችዜድ የተባለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ፓምፑም በኮምፒዩተር ሳይሆን በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ናፍጣ ነው። ይህ ሞተር በ70 እና በ80 ሞዴል ላንድክሩዘሮች ላይ ብቻ ሳይሆን በኮስተር አውቶቡስም ላይ ተገጥሟል። የእርዳታ ድርጅቱ ሃርድቶፕ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ፣ የሠርግ ዕድምተኛ የሚያመላልሰው ኮስተር አንድ ዓይነት ዕቃ ሲፈልጉ ነጋዴው ያመጣል፣ መካኒኩም እጁ ይለምዳል። በፋብሪካ ቱርቦ ተገጥሞለት የመጣው የ80 ሞዴል ሞተር በጉልበት ይበልጠዋል፤ ዕቃውን የሚያመጣ ነጋዴና የሚያውቀው እጅ ግን ያንሳል። ብርቅ መኪና ያለው ሰው በየጥገናው የብርቅነቱን ዋጋ ይከፍላል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። መጀመሪያ ገንዘብ የሚገባው ሻንሲው ነው። ሞተር ይለወጣል፣ ካምቢዮ ይለወጣል፣ በር ይለወጣል፤ ሻንሲ ግን የመኪናው ማንነት ነው፤ በላዩ የተመታው ቁጥር ነው ሊብሬው ላይ የሰፈረው። ቀለም ተቀብታ የምታብለጨልጭ መኪና ከሥሯ ዝገት በስቱኮ ተደፍኖባት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለም ቀቢ ከመጠራቱ በፊት ባትላሜራው ሥሯን አጽድቶ ይይ። ከተቻለ ዝገቱ ተፍቆ ሲበየድ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ለገዥ ከቀለሙ ይልቅ ያ ፎቶ ይናገራል።

ቀጥሎ የታይሚንግ ቺንጋው አለ። በ1ኤችዜድ ላይ በየ100 ሺህ ኪሎሜትሩ መለወጥ አለበት፤ ሰሌዳው ላይም ለዚሁ የሚበራ መብራት አለው። ቺንጋው በሩጫ ላይ ከተበጠሰ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል፤ ሞተሩ ይወርዳል። በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ኪሳራ የሚያስቀር ወጪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት “ቀይሬዋለሁ” ቢለውም ዳግም ያስቀይር። ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ራዲያተሩን ማስጠረግ፣ ቴርሞስታቱንና የውሃ ፓምፑን መለወጥ ከሙሉ የሞተር ጥገና በፊት የሚመጡ ርካሽ ሥራዎች ናቸው። ፍሬን፣ የመሪ ጫፎችና የባሌስትራ ቡሾች ግቢ ውስጥ የሚያልቁ ናቸው። ክራንክ ማስፈጨትና የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ማስለካት ግን ማሽን ያለው ቤት ይጠይቃሉ፤ እነዚህን ግቢ ውስጥ እጨርሳለሁ የሚል መካኒክ ሲመጣ ቡና አጠጥቶ ማሰናበት ነው።

ወደ ማሻሻያው ስንመጣ ሂሳቡ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቱርቦ የመግጠም ሐሳብ ከቅንጦት ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን የ1ኤችዜድ ፒስተንና ቴስታታ ለተጨማሪ ሙቀት አልተሠሩም። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ሳይኖር ናፍጣ ጨምሮ ቱርቦ የገጠመ ሰው፣ የተገኘውን ጉልበት ኋላ በተሰነጠቀ ፒስተን ሊከፍል ይችላል። ይህ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። ጭሱ ያሳሰበው ሰው ፓምፑን ለከፍታው ቢያስለካ በብዙ ርካሽ ይሻሻልለታል።

በገበያ ዓይን ደግሞ ማሻሻያ መኪናውን የሚገዙ ሰዎችን ቁጥር ያጠብባል። ከፍ የተደረገ ባሌስትራ፣ ሰፊ ጎማ፣ የፊት ገመድ መሳቢያ፣ ከጣሪያ በላይ የወጣ የአየር መሳቢያ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ሰው ጣዕም የተሠራ ነው። አብዛኛው ገዥ እንደ ፋብሪካው የሆነውን ይመርጣል፤ የተነካካ መኪና ሲያይ ምን ሲሠራ ቆይቶ ይሆን ብሎ ይጠረጥራል። ሰፊ ጎማ ናፍጣ ይጨምራል፣ ቁመቱ ከፋብሪካው ከበለጠም የኪሎሜትር መቁጠሪያውን ያሳስታል፤ የነዳጅ ድጎማ በ2014 መጨረሻ ደረጃ በደረጃ መነሣት በጀመረበት አገር ይህ ትንሽ ወጪ አይደለም። በረሃ የሚወጣ፣ በጉዞው የሚደሰት ሰው ይግጠመው፤ ደስታም ዋጋ አለው። በቁጠባ ስም ግን አይመዝግበው። ሞተር ለመለወጥ ያሰበም አስቀድሞ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ይጨርስ፤ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ በሽያጭ ጊዜ ውሉ ይቆማል።

ከጨረታ የሚገዙም ይጠንቀቁ። ከእርዳታ ድርጅቶችና ከኤምባሲዎች የሚወጡ ላንድክሩዘሮች ብዙውን ጊዜ በደንብ የተያዙ ናቸው፤ የጥገና መዝገባቸውም ይገኛል። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገቡ በመሆናቸው ቀረጡና ታክሱ በገዥው ላይ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያሰላነውን ስድስት እጥፍ ማስታወስ ነው፤ የጨረታ ማስታወቂያው ላይ በትንሹ የተጻፈችው መስመር ከመኪናው ዋጋ ልትበልጥ ትችላለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መድኑን ነው። ውሉ ላይ የተመዘገበው ዋጋ ከገበያው ዋጋ ካነሰ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በድሮው ዋጋ በ2 ሚሊዮን ብር መድን ከተገባለት፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 200 ሺህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ውላቸውን ሳያስተካክሉ የሚያድሱ ባለቤቶች ግማሽ መኪናቸውን ያለ መድን እየነዱ ነው።

መንግሥት አሮጌ መኪና እንዲቀንስ መፈለጉ ይገባኛል፤ ጭሱን ሁላችንም እንተነፍሰዋለን። ነገር ግን አዲሱን ከልክሎ አሮጌውን የሚያስጠግነውን ዕቃ ማስወደድ፣ አሮጌው ተጠግኖ ሳይሆን ሳይጠገን እንዲሄድ ማድረግ ነው። ቢያንስ የፍሬንና የመሪ ዕቃዎች ከሌላው መለዋወጫ ተለይተው ቀረጣቸው ቢቀል፣ ከሚቀረው ገቢ ይልቅ የሚተርፈው ሕይወት ይበልጣል። ሌላው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቦሎ ለማግኘት ሲመረመር የምርመራው ውጤትና የኪሎሜትሩ ንባብ በሻንሲ ቁጥር ተመዝግቦ ለገዥ ክፍት ቢደረግ፣ አከርሎፍ የገለጸው ችግር ግማሹ ይቃለል ነበር። በደንብ የያዘ ይጠቀማል፣ በስቱኮ የሸፈነ ይጋለጣል።

እስከዚያው መዝገቡን የሚይዘው ባለቤቱ ነው። በዚህ ቅዳሜ መካኒክ የቀጠሩ አንባቢ ካሉ፣ ለዕቃው ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ኪሎሜትሩን ይጻፉ፣ የወጣውን ዕቃ ዓይተው ይረከቡ፣ የቱርቦውን ወሬም ፍሬኑ ተሠርቶ እስኪያልቅ ያቆዩት።