ክሬዲት የሌለው ሰው ቤት ሲፈልግ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን የሜሪላንድ ከተማ ናት። ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት አካባቢ ወክ ስታደርጉ የሐበሻ ምግብ ቤት ታያላችሁ፣ እንጀራ ትገዛላችሁ፣ በአማርኛ ቡና ታዛላችሁ። ከአዲስ አበባ የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን «ይቺማ ቦሌ ናት» ቢል አይፈረድበትም። ጣጣው የሚመጣው አፓርታማ ልከራይ ሲል ነው።

አገር ቤት ቤት የምናገኘው በደላላ ወይም በሰው በሰው ነው። አከራይዋ «የት ነው የምትሠራው? እንግዳ ታበዛለህ?» ብለው፣ ፊትህን አየት አድርገው ይወስናሉ። (ፊት አይቶ መወሰን የራሱ በደል አለው፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራለን።) እዚያ ግን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ የምታየው ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን ክሬዲት ስኮር ነው። በብዛት የሚሠራበት ፋይኮ የተባለው ስሌት ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። አዲስ ገቢ 300 እንኳን የለውም፤ ጭራሽ ቁጥር የለውም። ስሌቱ እንዲወጣ ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ የብድር አካውንት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የባንክ ብድሩን ለ10 ዓመት አንድ ቀን ሳያዛንፍ የከፈለ ሰውም እዚያ ባዶ ነው፤ ታሪኩ ውቅያኖስ አይሻገርም።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ይሄንን «የመረጃ አለመመጣጠን» ብለን ተምረን፣ ተፈትነን፣ ረስተነዋል። ሻንጣ ይዞ ለቆመ ሰው ትርጉሙ የዘመድ ሶፋ ላይ ማደር ነው።

አከራዮቹ ስኮር ከሌለህ ብዙ ጊዜ ዋስ አምጣ ይላሉ። ዋስነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ሰው ዘሎ ዘመዱ ጋር ይሄዳል። አንድ ጓደኛዬ ቤዝመንቷ ውስጥ ያሳደረችውን አክስቱን ፈርሚልኝ አላት። «ልጄ፣ እህል ውሃዬ ያንተ ነው፤ ፊርማዬን ግን አትጠይቀኝ» አለችው። ለወራት ተቀየማት። እኔ ግን በእሷ አልፈርድም። እሱ ኪራይ ቢያቋርጥ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ዕዳው ተመዝግቦ ስኮሯ ቢወርድ ደግሞ ልጆቿን ለማስተማር የምትበደረው ይወደድባታል።

ቤዝመንትም ቢሆን ነፃ አይደለም። ውል በስምህ ካልሆነ ሁለት ዓመት በሰዓቱ ብትከፍልም ለሚቀጥለው አከራይ የምታሳየው ወረቀት የለም። ዕቁብም እንደዚያው ነው። በየወሩ 500 ዶላር ሳያጓድል የሚጥል ሰው በዕቁብተኛው ዘንድ ስሙ የተከበረ ነው፤ የክሬዲት መዝጋቢዎቹ ግን አያውቁትም። ለእኔ ይሄ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እስኪስተካከል ግን ተቀምጦ መጠበቅ አያዋጣም።

መውጫው አሰልቺ ቢሆንም አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እንደደረሰ በማስያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ማውጣት ነው። 200 ወይም 300 ዶላር ባንኩ ጋር ይያዛል፣ ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያው መጠን ይሠራል። የስልክ ሂሳብ ብቻ ክፈሉበትና ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን መልሱ። «ትንሽ ዕዳ ብታስቀር ስኮርህ ያድጋል» የሚል ምክር ከሐበሻ ሰፈር አይጠፋም፤ ውሸት ነው፣ የሚያድገው ወለዱ ነው። ከፋይኮ ስሌት 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈላችሁን ነው የሚያየው።

ለቤቱ የሚያዘው ዲፖዚትም እንደየግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚፈረም ውል በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ማስያዝ አይቻልም፤ ቀድሞ ሁለት ወር ነበር። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ብትሄዱ እስከ ሁለት ወር ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በእጁ ጥቂት ዶላር ይዞ ለገባ ሰው ይሄ ሰፈር ያስመርጣል።

ጓደኛዬ በዓመት ከምናምኑ ከአክስቱ ቤት ብዙም ሳይርቅ በራሱ ስም ስቱዲዮ ተከራየ። ዲፖዚቱን የከፈለው በደረሰው ዕቁብ ነው። ቁልፉን የተቀበለ ቀን ድስትና ምንጣፍ ይዛ የመጣችው ያቺው አክስቱ ናት።