ምድር እንደ እንዝርት ስትዞር

ጥጥ የምትፈትል እናት እንዝርቷን ስታሾር፣ እንዝርቱ አንድ ጊዜ ሲፈጥን አንድ ጊዜ ሲዘገይ እናያለን። ምድራችንም እንዲሁ ናት ብንል የሚደነቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ሃያ አራቱ ሰዓት የማይዛነፍ ልክ መስሎ ይታየናልና። ነገር ግን አንዱ ቀን ከሌላው፣ ሰከንድ ከሺሕ ተከፍላ አንድ እጅ ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ይህ ምን ይጎዳል? እንል ይሆናል። በምድር ወገብ ላይ ያለ ቦታ በአንድ ሰከንድ 465 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ ያች የሺሕኛ ሰከንድ ስሕተት በመሬት ላይ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ናት። ስሕተቱም ዕለት ዕለት ቢደማመር፣ በሳተላይት እየተመራ የሚጓዝ መርከብ መንገዱን ይስታል።

ታዲያ በምድር ላይ ተሳፍረን ሳለን ዙረቷን በምን እንለካለን? ከእርሷ ውጭ የሆነ፣ የማይነቃነቅ ምልክት ያስፈልገናል። ይህም ምልክት ኳዛር የሚባለው ነው፤ ምንነቱ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ ኳዛሮች የሚሰዱት ሞገድ ወደ እኛ ለመድረስ በቢልዮን የሚቈጠር ዓመት ይፈጅበታል፤ ከርቀታቸውም የተነሣ ባሉበት የቆሙ ይመስላሉ።

በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ የራዲዮ ቴሌስኮፖች፣ ለምሳሌ በጀርመን የቬትሴልና በሐዋይ የኮኬ ፓርክ፣ በአንድነት ወደ አንዱ ኳዛር ይመለከታሉ። ሞገዱ ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። እያንዳንዱ የተቀበለውን እጅግ ትክክለኛ በሆነ የሃይድሮጅን ሰዓት ይመዘግባል፤ ኋላም ሁለቱ መዝገቦች በኮምፒዩተር ሲነጻጸሩ፣ የመዘግየቱ ልክ ምድር ምን ያህል እንደ ዞረች ያስረዳል። ጥበቡ በ1967 የተጀመረ ሲሆን፣ ከአፍሪካም የደቡብ አፍሪካው ሐርተቤስትሁክ ጣቢያ ይሳተፍበታል።

የመለዋወጡ ምክንያት ብዙ ነው። ጨረቃ የባሕሩን ውሃ ከፍና ዝቅ ስታደርገው፣ ምድር በረጅም ዘመን ዝግ ትላለች። ነፋስም ኀይል አለው፤ በ1982 እና 1983 በኤልኒኞ ጊዜ ነፋሱ ሲበረታ ቀኑ ረዝሟል።

የአቶም ሰዓት ግን አይዘገይም። ሁለቱን ለማስታረቅ ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ አንዳንድ ሰከንድ ተጨምሯል፤ የመጨረሻው በ2016 መጨረሻ ነበር። በ2022 ግን መንግሥታት፣ በሰዓቱና በምድር መካከል የሚፈቀደው ልዩነት እስከ 2035 ድረስ እንዲሰፋ ወሰኑ። ሰዓታችን ከምድር ጥቂት ቢለይ እንኳ፣ ንጋትን የምታመጣልን ያችው የምትዞረው ምድር ናትና፣ እርሷን መለካት አይቀርም።