አሠልጣኝ ከየት ይገኛል?



የደራርቱን፣ የኃይሌን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ስም ያልሰማ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ከእነዚህ ሯጮች መካከል አንዳንዶቹን ገና በልጅነታቸው ሜዳ ላይ አይቶ ችሎታቸውን ያስተዋለው ማን እንደሆነ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚህ ሰው፣ ማለትም ስለ አሠልጣኝ ሥራ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበቆጂው መምህር

በቆጂ በአርሲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቃዛና ስስ ነው። በስስ አየር ውስጥ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ይሠራል፤ ይህም ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ የበቆጂን ያህል ሻምፒዮኖችን ያፈሩት ግን ጥቂት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱን ምን አመጣው? ከምክንያቶቹ አንዱ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው።

አቶ ስንታየሁ ሥራቸውን የጀመሩት በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው። ተማሪዎቻቸውን ሲያሯሩጡ ማን እንደሚፈጥን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጸና፣ ማንስ በማግስቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ይመለከቱ ነበር። ከዚያም የከተማዋ የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ሆኑ። ልጆቹን በማለዳ አስነሥተው ዳገት ያስወጧቸው ነበር፤ በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥም በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ እንዲሮጡ ያደርጉ ነበር። ዛፍና ዳገት ገንዘብ አይጠይቁም።

ውጤቱን ዓለም አየው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤት ሆነች። በ2008 በቤጂንግ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸነፉ። ከአንዲት ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ በወጡ ሁለት ልጆች በአንድ ኦሎምፒክ አራት ወርቅ ተገኘ ማለት ነው።

ዘር የሚዘራውና ምርት የሚሰበስበው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ ሲጎለብት ከመጀመሪያው አሠልጣኙ እጅ ይወጣል። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ክለብ ይገባል፤ ቀጥሎም ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣል። በዚያ ሌሎች አሠልጣኞች ይረከቡታል። ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን የረጅም ርቀት ሯጮች የመሩት በ2016 ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። የአሠልጣኝነት ሥራ እንዲህ የተከፋፈለ ነው። በእግር ኳስም በረኛውን ብቻ የሚያሠለጥን ሰው አለ፤ አሜሪካኖች በሚጫወቱት የኳስ ዓይነት ደግሞ ለኋላ ተከላካዮች ብቻ የተመደበ አሠልጣኝ አለ። ሁሉም የየድርሻውን ይሠራል፤ ሜዳልያው የሚንጠለጠለው ግን በስፖርተኛው አንገት ላይ ነው። እንግዲህ ጥሩ አሠልጣኝ ማለት የራሱን ልጅ ለሌላ ሰው አስረክቦ ደስ የሚለው ሰው ነው።

በኬንያም እንዲሁ ነው

ባለንባት አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ብራዘር ኮልም ኦኮኔል የተባሉ አየርላንዳዊ በ1976 ወደ ኢተን ከተማ የመጡት በቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር። የአሠልጣኝነት ትምህርት አልነበራቸውም። ሆኖም ተማሪዎቹን እየተመለከቱ፣ ከስህተትም እየተማሩ ሥራውን ለመዱ። ከእጃቸው ከወጡት አንዱ ዴቪድ ሩዲሻ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይልቁንም ለእኛ ለስደተኞች የሚቀርበው የካኩማ ታሪክ ነው። በ1994 የኒው ዮርክ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነችው ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፕ በካኩማ መጠለያ ካምፕ ሯጮች እንዲመረጡ አደረገች። የተመረጡት በናይሮቢ አቅራቢያ በንጎንግ ሠለጠኑ። በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ ስፖርተኞች አምስቱ በካኩማ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ። ሰንደቅ ዓላማውን የያዘችው ከእነርሱ አንዷ ሮዝ ናቲኬ ነበረች። በዚሁ ቡድን ውስጥ በሉክሰምበርግ በስደት የሚኖር ዮናስ ክንዴ የተባለ ኢትዮጵያዊ ማራቶን ሮጧል። ከቡድኑ ሜዳልያ ያገኘ አልነበረም። ዳሩ ግን አገር የሌለው ሰው ሜዳ አለኝ ብሎ በዓለም ፊት መሮጡ ቀላል ነገር አይደለም።

ያለ መሣሪያ ምን መሥራት ይቻላል?

እዚህ ኦቦ ያለን ሜዳ እንጂ የመሮጫ ትራክ አይደለም። ቢሆንም ከእናንተ መካከል ለታናናሾቹ አሠልጣኝ ለመሆን የሚፈልግ ካለ በሚከተሉት መጀመር ይችላል።

1ኛ/ ሰዓት ምረጡ። ቆላ ላይ እኩለ ቀን መሮጥ ሰውነትን ያደርቃል፤ ለሕመምም ያጋልጣል። ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ሩጡ። ከሩጫ በፊትም በኋላም ውሃ ጠጡ።

2ኛ/ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። 10 ደቂቃ ያህል ዝግ ብሎ መሮጥ ጡንቻን ከጉዳት ይጠብቃል።

3ኛ/ ቀስ ብሎ መሮጥን ተማሩ። ሁልጊዜ መሽቀዳደም አያጠነክርም። በቀላል ሩጫ ቀን እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር መነጋገር ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው።

4ኛ/ የልብ ትርታ ቁጠሩ። ጠዋት ከመኝታ ሳትነሡ ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣታችሁ ሥር አንጓችሁ ላይ አሳርፉ። ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። ውጤቱን በየቀኑ በደብተር ጻፉ። ቁጥሩ አንድ ቀን ከተለመደው በጣም ቢበልጥ ሰውነታችሁ አላረፈም፣ ወይም በሽታ ጀምሯችሁ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ዕረፉ።

5ኛ/ ማረፍ የልምምዱ ክፍል መሆኑን አትርሱ። ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ጊዜ ሳይሆን ከሩጫው በኋላ ሲያርፍና ሲበላ ነው። በካምፕ ራሽን ጠባብ ስለሆነ በቂ ያልበላን ልጅ ረጅም ርቀት ማስሮጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሮጦ ኦሎምፒክ ይደርሳል ብለን ተስፋ አንሰጣችሁም። ከብዙ ሺህ አንዱ ነው የሚደርሰው። ነገር ግን ማልዶ መነሣትን፣ ቃል መጠበቅን፣ ሲሸነፍ ተመልሶ መምጣትን የለመደ ልጅ በየትም አገር ቢሆን አይወድቅም። በተለይ ሴት ልጆቻችሁን ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ቢበዛባቸውም በሳምንት ሁለትና ሦስት ሰዓት እንድትፈቅዱላቸው እንለምናለን። ደራርቱና ጥሩነሽም የገበሬ ልጆች ነበሩ።

ተማሪዎች ሆይ! አሠልጣኝ ከሩቅ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። የበቆጂውም የኢተኑም መጀመሪያ መምህር ነበሩ። ያላቸውም ሜዳና የሚያስተውል ዓይን ነበር። ከእናንተ የሚበልጠው ታናሹን ይዞ ዛሬ ይጀምር።