መብራት ሲጠፋ መዝገቡን ማን ይጠብቀዋል?

በብዕር መዝገብ የሚሞላ ጸሐፊ መብራት ቢጠፋበት በማግሥቱ ካቆመበት ስፍራ ይቀጥላል። ኮምፒዩተር ግን ከአንዱ ሒሳብ ገንዘብ ቀንሶ በሌላው ሳይጨምር ኃይል ቢቋረጥበት፥ ገንዘቡ የት ገባ ይባላል?

ሪቻርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ያወጡት፥ ዛሬ በአንባቢያችን የኪስ ስልክ ውስጥ ሳይቀር የሚገኘው «ኤስኪውላይት» የተባለው የመረጃ ማከማቻ ለዚህ ዘዴ አለው። ይኸውም በተለመደው አሠራሩ አንድን ገጽ ከመለወጡ በፊት የቀድሞውን ቅጂ ለብቻው ያኖራል፤ ሥራው በመካከል ከተቋረጠም ኋላ በዚያው ቅጂ ገጹን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

እኛን ያስገረመን ግን ፈተናው ነው። ሠሪዎቹ የኃይል መቋረጥ እያስመሰሉ ጽሕፈቱን በየመካከሉ ያቋርጡና መዝገቡ ደኅና መሆኑን ይመረምራሉ። በ2023 በወጣው 3.42.0 እትም የመፈተኛው ጽሑፍ ብዛት የፕሮግራሙን 590 እጥፍ ያህል ነበር። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ 590 ገጽ ማረሚያ የሚያቀርብ ጸሐፊ ቢገኝ፥ አለቃው ምን ይሉት ይሆን?

ይሁን እንጂ አንዳንድ ዲስክ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ይላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ፥ ያ ሁሉ ጥንቃቄ መዝገቡን ላያድነው ይችላል።