«ለምን?» የሚለው የሕፃናት ጥያቄ በቤትና በክፍል ውስጥ

ልጅ ማሳደግ ደስታና ድካም የተደባለቁበት ሥራ መሆኑን ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። ልጅ ሲስቅ ቤቱ ይሞላል፤ ሲታመም ሌሊቱ አልነጋ ይላል። ደስታውና ምሬቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱበት ጉዳይ ቢፈለግ ግን የሕፃናትን ጥያቄ የሚያህል አይገኝም። ልጅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት አልፎ «ለምን?» ማለት ይጀምራል። የመጀመሪያው «ለምን?» ወላጅን ያስደስታል፤ ለጎረቤት ሳይቀር ይወራል። በዚያው ምሽት አሥረኛው ሲመጣ ግን «አሁንስ አበዛኸው» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ በቤት ውስጥ የሚገጥመውን አቀባበልና ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚደርስበትን ሁኔታ መግለጽ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎችም ጥቂት ሐሳብ ማቅረብ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንደ መሆኔ መጠን፣ የሕፃናትን ጥያቄ በትዕግሥት ስለ መቀበል ለዕጩ መምህራን ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ስለዚሁ ጉዳይ የማሠልጠኛ ጽሑፍ በማዘጋጅበት ሰዓት፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ «አባባ፣ የእንጀራ ዐይን ያያል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። መብራት ሳይጠፋ ገጹን ለመጨረስ እቸኩል ስለ ነበር «ዝም በይ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አልኋት። ይህን የሰሙት አያቷ ከማጀት ሆነው «ነይ፣ እኔ ልንገርሽ» ብለው ጠሯት። «ዐይን የተባለው ስለሚመስል ነው እንጂ አያይም። እርሾው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የተነፈሰበት ነው» አሏት። ልጅቱም ጥቂት ካሰበች በኋላ «እርሾ አፍንጫ አለው?» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

አያቷ መደበኛ ትምህርት ቤት የገቡ ሴት አይደሉም፤ መልሳቸው ግን ከሳይንሱ የራቀ አልነበረም። በእርሾው ውስጥ ያሉት በዐይን የማይታዩ ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲፈስም ጋዙ እየፈነዳ ሲወጣ ዐይኑን ትቶ ይሄዳል። ይህንኑ በሁለት ደቂቃ ልነግራት እችል ነበር። የማሠልጠኛው ጽሑፍ በዚያ ሌሊት ተጠናቀቀ፤ መምህር የሕፃንን ጥያቄ በአክብሮት መቀበል እንዳለበትም በውስጡ በሚገባ ተብራርቷል።

ጥያቄው ስለ ምን እንደሚበዛ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከመረመሩት ቆይተዋል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ሕፃናት ቋንቋና አስተሳሰብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዕድሜው ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት የሆነ አንድ ልጅ በ10 ወራት ውስጥ ያቀረባቸውን 1,125 ጥያቄዎች ተንትኗል። ከትንተናው ለመምህር የሚጠቅመው ፍሬ ነገር፣ የሕፃን «ለምን?» ሁልጊዜ የዐዋቂ «ለምን?» አለመሆኑ ነው። ዐዋቂ «ለምን?» ሲል ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓላማውን፣ ማለትም ማን ለምን ብሎ እንዳደረገው ይጠይቃል። «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» የሚል ልጅ ስለ ርቀትና ስለ እይታ ትምህርት እንዲሰጠው አልፈለገም፤ ጨረቃ ከእኛ ጋር ምን ጉዳይ እንዳላት ማወቅ ነው የፈለገው። ስለዚህ አስቀድሞ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብሎ መመለስ ከጥያቄው መሸሽ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባውም፤ ልጁ የጠየቀው የትኛውን እንደ ሆነ የሚለየው በዚህ ነው።

ታዲያ ወላጅ የሚሰለቸው ስለ ምንድን ነው? ድካም አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ቀኑን ሙሉ በሥራ የዋለ አባት ወይም እናት፣ የደንብ ልብሱ ሳይታጠብ፣ የትልቁ ልጅ የቤት ሥራ ሳይታይ ለሚመጣ ጥያቄ ልብ አይኖራቸውም። ከድካሙ ይልቅ የሚከብደው ግን አለማወቅን ማመን ይመስለኛል፤ በልጅ ፊት «አላውቅም» ማለት ክብርን የሚነካ ሆኖ ይታያል። በዚህም ላይ ትልቅ ሲናገር ትንሽ ያዳምጥ የሚለው የአስተዳደግ ልማዳችን አለ። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ስለ ልጅ ንግግርም «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ተብሏል። ይህ ሁለተኛው አባባል በሚገባ ካስተዋሉት ግማሹ ብስል ነው ማለቱ ነው፤ የምንጠቅሰው ግን ለጥሬው ብቻ ነው። ልማዱን ማጣጣል ዓላማዬ አይደለም። ልጅ የሰውን ንግግር እንዳያቋርጥ፣ ተራውን እንዲጠብቅ፣ ታላቁን በ«እርስዎ» እንዲያነጋግር ማስተማር ተገቢ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው እንዴት እንደሚጠይቅ እናስተምራለን ብለን መጠየቁን ስናስተወው ነው።

በቤት ያለው አቀባበል እንዲህ ጐደሎ ቢሆንም፣ በትምህርት ቤት ከሚገኘው የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በለንደን የሚኖሩ ዕድሜያቸው አራት ዓመት ገደማ የሆነ 30 ሴቶች ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በቤት፣ ከመምህራኖቻቸው ጋር በመዋዕለ ሕፃናት ያደረጉትን ንግግር ቀድተው አነጻጽረዋል። ልጆቹ በቤት ውስጥ በአማካይ በሰዓት 26 ያህል ጥያቄ ሲጠይቁ፣ በመዋዕለ ሕፃናት የጠየቁት ግን በሰዓት 2 ያህል ብቻ ነበር። ከሠራተኛ ቤተሰብ የተወለዱትም በቤታቸው ጠያቂዎች ነበሩ። አንዲቱ ልጅ መስኮት የሚያጥበው ሰው ገንዘብ የሚከፈለው ስለ ምን እንደ ሆነ ሊገባት ስላልቻለ፣ እናቷን ደጋግማ ጠይቃ የሥራንና የዋጋን ነገር ቀስ በቀስ ለመረዳት ስትሞክር ተቀድታለች። የለንደን ሁኔታ ከእኛ ጋር አንድ ነው አይባልም፤ ቢሆንም የሕፃኗ አንደበት ከቤት ወደ ክፍል ስትገባ የሚዘጋ መሆኑ ለእኛ ለአሠልጣኞች ሊያስጨንቀን የሚገባ ነገር ነው።

በአገራችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር አማካይነት፣ ወደ አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ሕፃናት መሰናዶ የሚሆን «ኦ» ክፍል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መከፈቱ ይታወቃል። የማስተማር ልምምድ ለመከታተል ከእነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። ሕፃናቱ ፊደሉን በዜማ ይቈጥራሉ፤ ድምፃቸው ከግቢው ውጭ ይሰማል። በመካከሉ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህርት፣ ትናንት የነበረው ኩሬ የት ሄደ?» አለ። መምህርቷ «አሁን የምንማረው ፊደል ነው» ብላ ቈጠራውን ቀጠለች። ልጁም እጁን አውርዶ ከሌሎቹ ጋር «ለ፣ ሉ፣ ሊ» አለ፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ድረስም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

መምህርቷን ለመውቀስ አልደፍርም። 231ዱን የፊደል ቅርጽ ለማስያዝ በቃል መደጋገም ያስፈልጋል። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሕፃናትም ከ60 በላይ ነበሩ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅና ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ፣ 40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ ሳያዳርስ ያልቃል። የዕቅድ አውጪዎች የክፍል ጥበት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወንበርና ስለ መጽሐፍ እጥረት ያስባሉ፤ በጥበቱ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በባህላችን ልጅ ታላቁን ያለ ነቀፋ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለ፤ ይኸውም እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልሰው ታላቁ ሰው አለማወቁን ገና በመግቢያው ያምናል። ካላወቀም «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጐንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ከልጁ አፍ ይሰማል። አባቱን አሸንፎ አገር የተቀበለ ልጅ ደስታው እስከ መኝታው ድረስ ይዘልቃል፤ ተሸናፊው አባትም ክብሩ አይጓደልበትም። በአብነት ትምህርት ቤትም ቢሆን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት የሚገኘው በአንድምታው ነው፤ ጥፋቱ እዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

ለልምምድ በወጡ ጥቂት ዕጩ መምህራን ዘንድ ሁለት ነገር ሞክረናል። አንደኛው፣ በሳምንት ሁለት ቀን የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ሕፃናት በየቡድናቸው ሆነው በእንቆቅልሽ መምህሩን የሚፈትኑበት ነው። ሁለተኛው የጥያቄ ደብተር ነው። መምህሩ በዕለቱ ያልመለሰውን ጥያቄ ልጁ እያየ ይጽፈዋል፤ «ነገ» ካለም ነገ ይመልሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም «ነገ» ተብሎ የተረሳ ጥያቄ «ዝም በል» ከተባለው ይልቅ ልጁን የሚያሳዝነው መሆኑን ዕጩዎቹ ራሳቸው አስተውለዋል። ከደብተሮቹ በአንዱ ውስጥ «ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ወደ ላይ ታያለች?» የሚል ተጽፎ አየሁ። ዕጩ መምህሩም መልሱን ፈልጎ፣ ዶሮ ውሃውን እንደ እኛ ስባ መዋጥ ስለማይሆንላት አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ጉሮሮዋ እንደምታወርደው አግኝቷል። ሕፃናቱም ቀና ብለው ለመጠጣት ሞክረው ልብሳቸውን አርጥበዋል።

ይህን ተመልክቼ፣ በሚዘጋጀው የመምህሩ መምሪያ ውስጥ በየምዕራፉ መጨረሻ ለሕፃናት ጥያቄ የሚሆን ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ እንዲተው ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ወረቀት ያባክናል የሚል ተቃውሞ ቀረበ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሩብ ገጽ ተፈቅዷል።