የተሸሸገው ድልብና የተመልካቹ ፍርድ

«ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ባጭሩ ይመልሳል፤ «ጥሩ ነው» ወይም «ከንቱ ነው» ይላል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኖሪያችን አዳራሽ ተሰብስበን አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም ካየን በኋላ ይኸው ደረሰብን። ገሚሶቻችን «እንዲህ ያለ ደስ የሚያሰኝ ፊልም ካየን ቆይተናል» ስንል፣ ገሚሶቻችን ደግሞ «ከሁለት ሰዓት በላይ የልጅ ተረት ስንሰማ አመሸን» አልን። በማግስቱ ነገሩን ስንመረምረው ግን ክርክሩ የእኛ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ማን እንደ ረታ ሳይሆን፣ የተመልካች አስተያየት ከምን እንደሚመነጭና እንዴት መመዘን እንዳለበት ነው።

ፊልሙ «ናሽናል ትሬዠር» ይባላል፤ የአገር ሀብት ወይም ቅርስ ማለት ነው። ጆን ተርትልታብ አዘጋጅቶት፣ ኒኮላስ ኬጅ ዋናው ተዋናይ ሆኖበት፣ በዲዝኒ ኩባንያ አማካይነት በኖቬምበር 2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤንጃሚን ጌትስ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው አንድ ምሥጢር አለ፤ ይኸውም በጥንት ዘመን ከብዙ አገር የተሰበሰበ ድልብ በአሜሪካ ምድር ተሸሽጓል የሚል ነው። ፍንጩን ተከትሎ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በበረዶ የተቀበረች መርከብ ያገኛል። ከዚያም የድልቡ ካርታ በ1776 እ.ኤ.አ. በተጻፈው የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ጀርባ ላይ በማይታይ ቀለም መሣሉን ይረዳል። የቀድሞ ባልንጀራው ሰነዱን ሊሰርቅ ባሰበ ጊዜ፣ ጌትስ ሰነዱን ለማዳን ሲል ራሱ ቀድሞ ይሰርቀዋል። ከዋሺንግተን ወደ ፊላደልፊያ፣ ከፊላደልፊያም ወደ ኒው ዮርክ የሚደረገው ሩጫ ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ተመልካቹ ምን አለ? በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሦስት ሳምንት በተከታታይ በገቢ አንደኛ ሆነ፤ በዓለም ዙሪያም ወደ 347 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ሐያስያን ግን ፊታቸውን አዞሩበት። የታወቀው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሁለቱን ብቻ ሰጠው። የሐያስያንን አስተያየት በሚያሰባስበው በሮተን ቶሜቶስ የኢንተርኔት ገጽ ላይም ፊልሙን የደገፉት ሐያስያን ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ ከተራው ተመልካች ግን የወደዱት ከመቶ ከሰባ በላይ ናቸው።

ወዳጆቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቤተ ሰብ ሁሉ አብሮ ሊያየው ይችላል፤ አባት ከልጁ ፊት የሚያፍርበት፣ እናትም የሕፃኑን ዓይን የምትሸፍንበት ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጀግናው የሚያሸንፈው በጡንቻ ሳይሆን በዕውቀት ነው፤ ጠመንጃ የያዙትን የሚቀድማቸው መጽሐፍ በማንበቡ ነው። ሦስተኛ፣ በእንቆቅልሹ ሥር የአባትና የልጅ ታሪክ አለ። አባትየው ዕድሜውን በፍለጋው አባክኖ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲሆን፣ በመጨረሻ ከልጁ ጋር የሚያስታርቀው ያው የናቀው ፍለጋ ነው።

ነቃፊዎቹም ምክንያት አላጡም። እንደዚያ የሚጠበቅ ሰነድ እንዲያ በቀላሉ መሰረቁን ማን ያምናል? ለብዙ ዘመን ማንም ያልፈታውን እንቆቅልሽ ጌትስ በደቂቃ እየፈታ መሄዱስ? ደግሞም ተዋንያኑ ፍንጩን ሁሉ እየደጋገሙ ጮክ ብለው ያስረዳሉ፤ ለዐዋቂ ሰው ይህ ያሰለቻል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዐዋቂውን የሚያሰለቸው ይኸው ማስረዳት የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ከታሪኩ ጋር እኩል የሚያስኬደው ነው። አንዱ እንደ ጉድለት የቆጠረውን ሌላው እንደ ውለታ ቈጠረው ማለት ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሰጡ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ የመለሱት ለሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ነው። ሐያሲው ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ ብሎ፣ የወደደውንም ያልወደደውንም ፊልም የሚያይ ሰው ነውና «ይህ ፊልም ከሌሎቹ ምን ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ተራው ተመልካች ግን ማስታወቂያውን አይቶ፣ መርጦ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ነው፤ የሚጠይቀውም «ቃል የተገባልኝን አገኘሁ ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ተመልካች የሰጠው ከፍተኛ ምልክት «ፊልሙ ቃሉን ጠበቀ» ይላል እንጂ «ታላቅ ሥራ ነው» አይልም። የመቶኛውም ቁጥር እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከሐያስያን ግማሾቹ ወደዱት ማለት ፊልሙ በፈተና ከመቶ ሃምሳ አገኘ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ስንት ሰው እንደ ወደደው ይናገራል፤ ምን ያህል እንደ ወደደው ግን አይናገርም።

ከመውደድና ከመጥላት ያለፈ አንድ ክርክር ደግሞ አለ፤ እኛንም እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየን እርሱ ነው። ፊልሙ እውነቱን ከፈጠራው ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል። በመግለጫው ላይ ከፈረሙት 56 ሰዎች የመጨረሻው ቻርልስ ካሮል በ1832 እ.ኤ.አ. መሞቱ እውነት ነው፤ ለጌትስ ቤተ ሰብ ምሥጢር መንገሩ ግን ፈጠራ ነው። ስለ ሎሚውም እንደዚሁ ነው። በሎሚ ጭማቂ ተጽፎ የደረቀ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ጽሕፈቱ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ግን ሎሚው የተሠራበት ለመጻፊያ ሳይሆን የተጻፈውን ለመግለጫ ነው። ስለ ሰነዱ ጀርባ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ራሱ ፊልሙን በስም ጠቅሶ እስከ ማስረዳት ደርሷል፤ ካርታ የለም። በጀርባው ያለው የ1776ቱ ዋና መግለጫ መሆኑን የሚናገር አንድ አጭር መስመር ሲሆን፣ የተጻፈውም ሰነዱ ተጠቅልሎ በሚቀመጥበት ጊዜ እንዲለይ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ይህ ለልጆች ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? አንዱ ጓደኛችን «ልጅ ታሪክን እንደ ቁልፍና ሣጥን አድርጎ ከተማረ፣ ለምን እንደ ተደረገ መጠየቅን ይተዋል» ብሎ ተከራከረ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «ያላየው ልጅ ከቶም አይጠይቅም» ስትል መለሰችለት። እኛ ሁለቱም ትክክል ናቸው እንላለን። ፊልሙ ጥያቄውን ያስነሣል እንጂ መልሱን አይሰጥም። መልሱ በእጁ ያለው ከልጁ አጠገብ የተቀመጠው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው፤ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንገባ ያ ሰው እያንዳንዳችን ነን።

በመጨረሻ ድልቡ ይገኛል፤ ጌትስም ለራሱ አላስቀረውም። ለዋሺንግተን፣ ለፓሪስና ለካይሮ ቤተ መዘክሮች እንዲከፋፈል ያደርጋል። ብዙ ተመልካች ይህን የጀግናው ቸርነት አድርጎ ይወደዋል። እኛ ግን በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. መመለሱን የምናስታውስ ነንና አንድ ጥያቄ ጨመርን፤ የግብፅ ሀብት ወደ ካይሮ መሄዱ ቸርነት ነው ወይስ ዕዳን መክፈል? ይህን ጥያቄ ሐያስያኑ ሲያነሡት አላየንም። ተመልካች ከየአገሩ የየራሱን ዓይን ይዞ ይመጣልና፣ አስተያየትም ዋጋ የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከእንግዲህ ፊልም አይታችሁ ስትወጡ «ጥሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፊልሙ ለማን ተሠራ? የገባውን ቃል ጠበቀ ወይ? ካየነው ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ይህን ያደረግን እንደ ሆነ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ክርክራችን እስከ እኩለ ሌሊት ቢዘልቅም የጠፋ ጊዜ አይሆንም።