ከሐይቅ ወደ ውርጭ

የሐይቅ ከተማ ሰው የሚኖረው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ስንቁን ቋጥሮ የአምባሰልን ዳገት የሚወጣ ሰውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የሰሜን ተራሮችን በአስጎብኚ ለቀናት በእግር ለማየት ሲያስብ ዝግጅቱን በጉልበትና በስንቅ ቢለካው አይገርምም፤ የተሞከረ ጫማ፣ ወፍራም ጋቢ፣ በሶ፣ ቆሎ። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋበት ጊዜ አለና። ከሁሉም የሚቀድመው ዝግጅት ግን ሌሊት መቁጠር ነው፦ የትኛው ሌሊት በየትኛው ከፍታ እንደሚታደር አስቀድሞ መወሰን።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በሐይቅ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ሲሆን ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሸን ላይ ግን ወደ 57 በመቶ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ነው፤ የእግር ብርታት አያፋጥነውም። እንዲያውም ብርቱው ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ይበልጥ ይጋለጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን እረፍ የሚለው የሐኪሞች ምክር የመጣው ከዚህ ነው። የሰሜን የእግር መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃ በር 3,250፣ ከዚያ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይታደራል፤ የጨነቅ ከፍታም ከግጭ ብዙ አይለይም። ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣውም ወደ 3,200 ሜትር ወርዶ አምቢቆ ያድርና በማግስቱ ጫፉን ረግጦ ይመለሳል። በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የሚደርስ ሰው ይህን ሁሉ ጥቅም ያጣል።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን» የሚለው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ከባሕር ወለል ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ማግኘቱን ገልጿል። የተጠኑት ግን እዚያው ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሐይቅ ወይና ደጋ ነው፤ አባቶቻችንም ከደጋ በላይ ያለውን ውርጭ ብለው ለብቻው የለዩት ሌላ አገር ስለሆነ ነው።

አስጎብኚውና የፓርኩ ስካውት አሉ፣ ጓዝ በበቅሎ ይጫናል፤ ታዲያ ምን ያሰጋል ይባል ይሆናል። በቅሎ ጓዝ እንጂ የሰው ትንፋሽ አትሸከምም፤ አስጎብኚም ያልተነገረውን ራስ ምታት አያይም። ሕመምን ችሎ መሄድ እንደ ጀግንነት በሚቆጠርበት አገር ከባዱ ዝግጅት ይኸው ይመስለኛል፦ ራስ ሲፈልጥ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ሆድ ሲያቅለሸልሽ ሳይደብቁ ተናግሮ በዚያው ከፍታ መቆየት። ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ደግፎ ወደ ታች መውረድ እንጂ ንጋትን መጠበቅ አይገባም።